የቀኝ ክንፉ ሄልሙት ራን፤ አንድ ግብና የአንድ ተጫዋች ሙሉ ታሪክ

መግቢያ

ጁላይ 4 ቀን 1954 ከቀትር በኋላ፣ በስዊስ ዋና ከተማ በበርን፣ ዝናብ በሚወርድበት በቫንክዶርፍ ሜዳ ላይ፣ የምዕራብ ጀርመን ቡድን ቀኝ ክንፍ የነበረው ሄልሙት ራን በ84ኛው ደቂቃ አንድ ግብ አገባ። በዚህ ግብ ጀርመን ሁንጋሪያን 3 ለ 2 አሸንፋ የዓለምን ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሰው የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከዚያች ደቂቃ ተነሥቶ ወደዚያችው ደቂቃ የሚመለስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።)

የታሪክ ተማሪዎች ስለ ኳስ ተጫዋች መጻፋቸው ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያወራው ታሪክ ከምክር ቤትና ከጦር ሜዳ ብቻ አይመጣም፤ ከኳስ ሜዳም ይመጣል። እንዲህ ያለው ታሪክ በምን ዓይነት ሰው ጫንቃ ላይ እንደሚጫን መመርመር ደግሞ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ የበርኑ ግብ ከሰማይ የወረደ ተአምር ሳይሆን ከአንድ የሥራ ዘመን የተገኘ ፍሬ መሆኑንና፣ ይኸው ፍሬ በኋላ ዛፉን ራሱን እንደ ሸፈነው ነው።

የከሰል አገር ልጅ

ሄልሙት ራን ኦገስት 16 ቀን 1929 በኤሰን ከተማ ተወለደ። ኤሰን የምትገኘው በሩር አውራጃ ነው። ሩር ማለት በዚያ ዘመን የከሰል ጉድጓድ፣ የብረት ማቅለጫና የጭስ አገር ማለት ነው፤ የክሩፕ ፋብሪካም ስሟን ከኤሰን ጋር ያስተሳሰረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማይቱ የጦር መሣሪያ የሚሠራባት በመሆኗ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ክፉኛ ፈረሰች። ራን የወጣትነት ዘመኑን የጀመረው በዚህ ፍርስራሽ መካከል ነው።

በሩር አውራጃ የኳስ ክለብ ማለት የሠፈር ማኅበር ማለት ነበር። ቀን ከምድር በታች ከሰል የሚቆፍረው ሠራተኛ እሑድ ሲሆን ከሜዳው ዳር ይቆማል፤ የሚጫወተውም አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤቱ ልጅ ነው። ራን በልጅነቱ በአልተንኤሰን ክለብ ተጫወተ፤ ከጦርነቱ በኋላ በኦልደ ከተማ ቆይቶ፣ በ1950 ወደ ካተርንበርግ ክለብ መጣ። ካተርንበርግ ስመ ጥሩው የጾልፌራይን የከሰል ጉድጓድ ያለበት የኤሰን ሠፈር ነው። በ1951 ወደ ሮት ቫይስ ኤሰን ተዛወረ። ስሙን ያገነነውም በዚህ ክለብ ነው።

የአጨዋወቱን ዓይነት በአጭሩ መግለጽ ይገባናል። የዘመኑ የክንፍ ተጫዋች ሥራው በመስመሩ ዳር ሮጦ ኳሱን ወደ መካከል ማሻገር ነበር። ራን ግን ትከሻው ሰፊ፣ ምቱ ከባድ፣ ከሩቅ ለመምታት የማይፈራ ሰው ስለ ነበረ፣ ከዳር እየተነሣ ወደ ውስጥ ገብቶ ራሱ ይመታል። አንዳንድ ቀን ጓደኞቹን እስኪያስቆጣ ድረስ ኳስ ይዞ ይቀራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ብቻውን ጨዋታውን ይፈታል። የጨዋታ ጓደኞቹ ‹አለቃ› ይሉት ነበር።

የውል ተጫዋችነት ሕግ

የራንን ዘመን ለመረዳት በጊዜው የነበረውን የተጫዋቾች ደንብ ማየት ያስፈልጋል። የጀርመን እግር ኳስ ባለሥልጣኖች ኳስን ለገንዘብ ብሎ መጫወት አያስፈልግም የሚለውን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። በ1948 ግን ‹የውል ተጫዋች› የሚባል መካከለኛ ደረጃ ተፈቀደ። በደንቡ መሠረት ተጫዋቹ ከክለቡ ጋር ተዋውሎ በወር ከ160 እስከ 320 ማርክ ሊከፈለው ይችል ነበር፤ ከዚህም ጋር ሌላ መተዳደሪያ ሥራ እንዲኖረው ይፈለግ ነበር። ገንዘቡ ከአንድ ደኅና ሠራተኛ ደመወዝ ብዙ የማይርቅ ነበር። በአገሪቱ አንድ ወጥ ሊግ ስላልነበረም ክለቦቹ በአምስት ክፍል ተከፍለው ይጫወቱና፣ የበላይ የሆኑት በዓመቱ መጨረሻ ለብሔራዊ ሻምፒዮናነት ይገናኙ ነበር።

ስለዚህ ራንን ‹ባለሙያ ተጫዋች› ስንለው ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ይገባናል። በእንግሊዝ አገር ባለሙያ ተጫዋችነት የተፈቀደው በ1885 ሲሆን፣ ጀርመን በ1954 የዓለምን ዋንጫ የወሰደችው በግማሽ ባለሙያዎች ነው። የሁንጋሪያ ተጫዋቾችም በስም አማተሮች ነበሩ፤ በተግባር ግን እነ ፑሽካሽ በሠራዊቱ ክለብ በሆንቬድ ውስጥ የጦር ማዕረግ ይዘው ኳስን ዋና ሥራቸው አድርገው ይኖሩ ነበር። በበርን የተገናኙት ሁለቱ ቡድኖች በወረቀት ላይ ሙሉ ባለሙያዎች አልነበሩም ማለት ነው።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሆኖ ራን ከክለቡ ጋር ሁለት ታላላቅ ድሎች አገኘ። ሜይ 1 ቀን 1953 ሮት ቫይስ ኤሰን በዱሰልዶርፍ አለማንያ አኽንን 2 ለ 1 አሸንፎ የጀርመንን ዋንጫ ወሰደ፤ ከሁለቱ ግቦች አንዱን ያገባ ራን ነው። በ1955 ደግሞ በሃኖፈር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ካይዘርስላውተርንን 4 ለ 3 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በዚህም ምክንያት ክለቡ በዚያው ዓመት በተጀመረው የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ገባ፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር በስኮትላንዱ ሂበርኒያን ተሸንፎ ወጣ።

ወደ በርን የወሰደው መንገድ

ራን ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው በኖቬምበር 1951 በኢስታንቡል ከቱርክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። በዚያን ጊዜ ጀርመን ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ከተመለሰች ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት በ1950 በብራዚል ወደ ተደረገው የዓለም ዋንጫ አልተጠራችም። አገሪቱም አንድ አልነበረችም። ለ1954ቱ ዋንጫ ማጣሪያ ምዕራብ ጀርመን ከኖርዌይ ሌላ የተጋጠመችው ከሳር ጋር ነበር፤ ይህ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች አውራጃ በጊዜው ከጀርመን ተለይቶ የራሱን ቡድን ያሰልፍ ነበር።

አሠልጣኙ ዜፕ ኸርበርገር ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበሩ። ራን ደግሞ ቢራና ጨዋታ የሚወድ፣ ትእዛዝ የሚከብደው ሰው ነበር። በ1954 የጸደይ ወራት ክለቡ በደቡብ አሜሪካ እየዞረ ይጫወት ስለ ነበረ ራን ከዝግጅቱ ርቆ ሳለ፣ ኸርበርገር በቴሌግራም ጠርተው አስመጡት። በዑራጓይ ያለ ክለብ ሊያስቀረው ይፈልግ እንደ ነበረም ይነገራል። ይሁን እንጂ ወደ ስዊስ ሲሄድ ቦታው የተረጋገጠለት አልነበረም፤ በቀኝ ክንፍ የሻልከው በርንሃርት ክሎት ነበርና።

ጁን 17 ቀን ጀርመን ቱርክን 4 ለ 1 ስታሸንፍ ራን አልተሰለፈም። ከሦስት ቀን በኋላ ኸርበርገር ከዋናዎቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹን አሳርፈው ተጠባባቂዎቹን ከሁንጋሪያ ጋር አሰለፉ፤ ውጤቱም 8 ለ 3 የሆነ ሽንፈት ነበር። በአገር ቤት የነበረው ሕዝብ ተቆጣ፤ አሠልጣኙ ይባረሩ የሚል ድምፅም ተሰማ። በዚያ የሽንፈት ቀን ግን ከሦስቱ የጀርመን ግቦች አንዱን ራን አግብቶ ነበር። ከቱርክ ጋር በተደረገው የመለያ ጨዋታ፣ ጀርመን 7 ለ 2 ስታሸንፍ፣ እንደ ገና ተቀምጦ ዋለ። ቦታውን የያዘው ጁን 27 ቀን በጄኔቭ ከዩጎዝላቪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ጀርመን 1 ለ 0 እየመራች ተጨንቃ ስትከላከል፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ራን ሁለተኛውን ግብ አገባ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከቦታው አላነሣውም። ኦስትርያን 6 ለ 1 ባሸነፉበት ጨዋታ ግብ ባያገባም ተሰልፏል።

አንድ ነገር ደግሞ ልናልፈው አይገባም። ቡድኑ በሽፒትስ ከተማ በሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ሲቀመጥ፣ ኸርበርገር ራንን ከአምበሉ ከፍሪትስ ቫልተር ጋር በአንድ ክፍል አስተኙት። ቫልተር እጅግ ጥበበኛ ተጫዋች ቢሆንም ቶሎ የሚያዝንና የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ራን ደግሞ ቀልደኛ ነበር። አሠልጣኙ ይህን ያደረጉት አስበውበት ነው። እንግዲህ ራን ለዚያ ቡድን ያበረከተው በእግሩ ብቻ አልነበረም።

የ84ኛው ደቂቃ

ሁንጋሪያ ከ1950 ጀምሮ አልተሸነፈችም ነበር። በ1952 የኦሊምፒክን ወርቅ ወስዳለች፤ በ1953 እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3፣ በ1954 ደግሞ በቡዳፔስት 7 ለ 1 አሸንፋለች። በፍጻሜውም ቀን በ6ኛው ደቂቃ ፑሽካሽ፣ በ8ኛው ቺቦር አገቡና 2 ለ 0 ሆነ። የስምንት ለሦስቱ ቀን የተደገመ መሰለ። ነገር ግን ሞርሎክ በ10ኛው ደቂቃ አንዱን መለሰ፤ በ18ኛው ደቂቃ ፍሪትስ ቫልተር የመታውን የማዕዘን ምት፣ በረኛው ግሮሺች ሊደርስበት ሳይችል ቀርቶ፣ በስተኋላ ቆሞ የነበረው ራን አገባው። 2 ለ 2 ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሁንጋሪያዎች ብዙ ጊዜ አጠቁ፤ ኳሷ የግቡን ብረት መታች፤ በረኛው ቱሬክም ብዙ አዳነ። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት ነበር። ጀርመኖች አዲ ዳስለር የሠራውን፣ በሥሩ ያሉት ጥርሶች እየተፈቱ የሚለወጡ ጫማ ስላደረጉ፣ ለጭቃው ረጃጅሞቹን ጥርሶች ገጥመው ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሼፈር በግራ በኩል ከቦዢክ ኳስ ነጥቆ ወደ መካከል አሻገረ። ተከላካዮቹ በራስ መትተው ሲመልሱት ኳሱ ከቅጣት ክልሉ ጫፍ ራን ዘንድ ደረሰ። ሁሉም በቀኝ እግሩ ይመታል ብሎ ጠበቀ። እርሱ ግን ለመምታት መስሎ ወደ ግራ አዞረና በግራ እግሩ ዝቅ አድርጎ ወደ ማዕዘኑ ላከው። ግሮሺች ተወርውሮ አልደረሰበትም። ጥቂት ቆይቶ ፑሽካሽ አንድ ኳስ አገባ፤ የመስመር ዳኛው ግን ከጨዋታ ውጭ ነው ብሎ ባንዲራውን አነሣ፤ ዋናው ዳኛም ግቡን ሻረው። ስለዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በ84ኛው ደቂቃ የተደረገው ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት ሲደረግ የኖረ ነው። ከዳር ወደ ውስጥ መግባት፣ ከሩቅ መምታት፣ ሌላው ኳስ ይሰጣል ሲባል ራስን ማመን፣ እነዚህ ሁሉ የራን የዘወትር ጠባዮች ነበሩ። አሠልጣኙም ከእነ ጉድለቱ የታገሡት ስለዚሁ ነው።

ግቡና አፈ ታሪኩ

በምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ጨዋታውን የተከታተለው በራዲዮ፣ በኸርበርት ጺመርማን አንደበት ነው። ቡድኑ በባቡር ሲመለስ በየጣቢያው ሕዝብ ጎረፈ። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነሥተው የፌዴራላዊቷ ሪፑብሊክ እውነተኛ የልደት ቀን ይህ ነው እስከ ማለት ደረሱ።

ይህን አባባል እንዳለ መቀበል ያስቸግረናል። የኤኮኖሚው ማንሠራራት ከ1948ቱ የገንዘብ ለውጥ ጀምሮ የሚታይ ነበር፤ የአገሪቱ ሉዓላዊነት የተመለሰው ደግሞ በሜይ 5 ቀን 1955፣ የፓሪስ ስምምነቶች ሲጸኑ ነው። ሁለቱንም ያደረገው ግቡ አይደለም። ከውጭ አገር ጋር የነበረው ግንኙነት ገና ምን ያህል ለጋ እንደ ነበረ ለማስተዋል፣ ከጦርነቱ በኋላ ፌዴራላዊቷን ጀርመን በይፋ የጎበኙት የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር አፄ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸውን፣ ይኸውም ከበርኑ ጨዋታ አራት ወር በኋላ በኖቬምበር 1954 መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

በደስታውም ውስጥ አደጋ ነበረበት። በሜዳው የነበሩ ጀርመናውያን በይፋ ሥነ ሥርዓት የማይዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር የመጀመሪያ አንጓ ዘመሩ። የእግር ኳሱ ማኅበር ፕሬዚዳንት ፔኮ ባውቨንስ በሙኒክ ያደረጉት ንግግር የቆየውን የትምክሕት መንፈስ ያሰማ ስለ ነበረ፣ የባቫርያ ራዲዮ ሥርጭቱን አቋረጠው። የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሆይስ ግን በዚያው ወር በበርሊን ለተጫዋቾቹ ሽልማት ሲሰጡ፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑንና ከጨዋታ በላይ ፖለቲካ እንዳይደረግ ሕዝቡን አሳሰቡ። የሁለቱ ሰዎች ንግግር ሲነጻጸር ግቡ ለማን ይሁን የሚለው ክርክር በዚያው ወር እንደ ተጀመረ ያሳያል። የገባው አንድ ግብ ነው፤ ባለቤት ነኝ የሚለው ግን ብዙ ነበር።

የተሸናፊውንም ወገን ማየት ይገባል። በቡዳፔስት ሕዝቡ በቁጣ አደባባይ ወጣ። በረኛው ግሮሺች በዚያው ዓመት መጨረሻ በመንግሥት ተጠርጥሮ ተመረመረ፤ ከክለቡም ተነሥቶ ወደ ታታባኛ ተላከ። በጀርመን በኩልም ጥያቄ ያልተነሣ አይደለም። ከዋንጫው በኋላ ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ በጉበት በሽታ ታመሙ፤ የቡድኑ ሐኪም የሰጠሁት መርፌ ቫይታሚን ሲ ነው ቢልም፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የተደረገ ምርመራ ሌላ አበረታች መድኃኒት ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ አንሥቷል። ነገሩ አልተረጋገጠም፤ እኛም ከጥርጣሬነቱ አሳልፈን አንናገርም።

ከበርን በኋላ

ራን በበርን ቀን 25 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኑ ከፊተኛው ይረዝማል። ክብሩ ግን ጠላም ሆነበት፤ የሚጋብዘው በዛ፣ ሰውነቱም ከበደ። በ1957 ጠጥቶ መኪና በመንዳቱ ተከሶ ተፈረደበት። ብዙዎች አበቃለት አሉ። ኸርበርገር ግን አልተዉትም፤ ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ እንደ ገና አሠልጥነው ወደ ስዊድን ወሰዱት።

በእኛ አስተያየት የራን ትልቁ ሥራ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስታውሰውም። በማልመ አርጀንቲናን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለቱን አገባ። ከቼኮስሎቫኪያ ጋር 2 ለ 2፣ ከሰሜን አየርላንድ ጋርም 2 ለ 2 ሲወጡ በእያንዳንዱ አንድ አንድ አገባ። ዩጎዝላቪያን 1 ለ 0 ያሸነፉበት ግብ የእርሱ ነው። ጀርመን በግማሽ ፍጻሜው በስዊድን 3 ለ 1 ተሸነፈች፤ ለሦስተኛነት በተደረገው ጨዋታም በፈረንሳይ 6 ለ 3 ስትረታ ራን አንድ ጨመረ። በጠቅላላው 6 ግብ ማለት ነው። ከእርሱ የበለጠው 13 ያገባው ፈረንሳዊው ፎንቴን ብቻ ሲሆን፣ የ17 ዓመቱ ፔሌም ያገባው ልክ 6 ነው። በስዊስ ካገባቸው 4 ጋር ሲደመር 10 ይሆናል። ዋንጫ ስላልተገኘበት ግን ይህ ሁሉ በአንዱ በርን ጥላ ሥር ቀረ።

በ1959 ኤሰንን ትቶ ወደ ኮሎኝ ክለብ ሄደ። ለብሔራዊ ቡድን መጨረሻ የተሰለፈው በ1960 ነው። በዚያው ዓመት ድንበር ተሻግሮ በኔዘርላንድ ወደ ኤንስኸዴ ክለብ ገባ፤ በዚያች አገር ለኳስ ተጫዋች ደመወዝ መክፈል ከ1954 ጀምሮ የተፈቀደ ነበር። ሌሎች ጀርመናውያንም በዚያ ዘመን ወደ ኢጣሊያ መሄድ ጀምረው ነበር። የአገሪቱ ማኅበር ጁላይ 28 ቀን 1962 በዶርትሙንድ ተሰብስቦ አንድ ወጥ ሊግ፣ ማለት ቡንደስሊጋ፣ እንዲቋቋም የወሰነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ፍልሰት ነው። በአዲሱ ደንብ የተጫዋቹ ወርኃዊ ገቢ እስከ 1,200 ማርክ እንዲደርስ ተፈቀደ።

ቡንደስሊጋ በ1963 ሲጀመር ራን 34 ዓመቱን ይዞ በማይደሪኽ ክለብ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ከሜዳ በዳኛ የተባረረ የመጀመሪያው የቡንደስሊጋ ተጫዋች ሆኖ ስሙ ተመዘገበ። ቢሆንም ክለቡ በመጀመሪያው የውድድር ዓመት ከኮሎኝ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ እርሱም ግቦች አግብቶ ድርሻውን ተወጥቷል። በ1965 በጉዳት ምክንያት መጫወት አቆመ። እንግዲህ ለተጫዋች እንጀራ የሚሆነው ሕግ የመጣለት እግሩ ከደከመ በኋላ ነው።

ከዚያም በኤሰን ያገለገሉ መኪናዎች በመሸጥ ኖረ። በየመጠጥ ቤቱ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ያን ግብ እንደ ገና ተርክልን ይለው ነበር። ብዙ ዘመን ተረከ፤ በኋላ ግን ሰለቸውና ከአደባባይ ራቀ፤ በጋዜጠኞችም ፊት መቅረብ ተወ። ኦገስት 14 ቀን 2003፣ 74 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በተወለደባት ከተማ ዐረፈ። ስለ በርን የተሠራው የዞንከ ቮርትማን ፊልም የታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ የኤሰን ልጅ የራንን ሻንጣ ይሸከማል፤ ራን ራሱ ግን አላየውም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ የበርኑን ግብ ያገባው ዕድል ብቻ አይደለም። የሩር የሠፈር ክለቦች፣ የአንድ አሠልጣኝ ትዕግሥት፣ የተጫዋቹም የማይታረቅ ጠባይ ተባብረው ያመጡት ነገር ነው። ሁለተኛው፣ አገር ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ ስትመርጥለት የቀረውን ዕድሜውን እንደምትወስድበት ነው። በ320 ማርክ ጣሪያ ሥር የተጫወተ፣ የወደቀ፣ ተነሥቶም በስዊድን 6 ግብ ያገባ ሰው፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ እንዲተርክ ተፈርዶበት አረጀ።

የታሪክ ተማሪ ድርሻው ደቂቃዋን መካድ አይደለም፤ ከፊቷና ከኋላዋ ያሉትን ዓመታት ለባለቤታቸው መመለስ ነው። ይህን አነስተኛ ጥናት ያዘጋጀነውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ስሕተት ያገኙብን መምህራንና የትምህርት ጓደኞቻችን ቢያርሙን ደስ ይለናል።